ሰበታ የተሠራ ጥናት ለምን ሰበታ አይደርስም?

ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ስለሆነ እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶችን በነፃ የሚያስቀምጥበት ዲጂታል ማኅደር አለው። እዚያ ግቡና የሰበታን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ፈልጉ። ስለ ወንዞቻችን ብክለት፣ ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ስለ ከተማዋ መስፋፋትና ከመሬታቸው ስለተነሱ ገበሬዎች የተሠሩ ጥናቶች ይመጡላችኋል። ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ብላችሁ ብትፈልጉም ባዶ እጃችሁን አትመለሱም።

አሁን ሌላ ጥያቄ ልጠይቅ። ከመካከላችሁ ከእነዚህ ጥናቶች አንዱን ያነበበ አለ? እኔ የምኖረው ሰበታ ነው። ከጎረቤቶቼ መካከል በሰፈራችን ስለሚያልፈው ወንዝ የተጻፈ ጥናት መኖሩን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከወንዙ ከብት ይጠጣል፣ በዳርቻው ጎመን ይለማል። ውኃው ተመርምሯል፣ ውጤቱም ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን ውኃውን ለሚጠቀመው ሰው አልደረሰም።

«ምሁሮቻችን ለሕዝብ አይሠሩም» የሚለው ወቀሳ እዚህ ላይ ቶሎ ይመጣል። እኔ ግን ነገሩ ከዚያ ይሰፋል ባይ ነኝ። ማንኛውም ሠራተኛ የሚቆጠርለትን ነው የሚሠራው። ለተመራማሪው የሚቆጠርለት ደግሞ በአብዛኛው ሩቅ አገር የታተመው፣ በዶላር የተከፈለበትና የሰበታ ሰው የማያነበው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሙያ ማኅበራትና አሳታሚዎች «ምሁራንን እንደግፋለን» ካሉ መጀመሪያ ማስተካከል ያለባቸው ይህንን አቆጣጠር ነው። ገንዘብ ያስፈልጋል፣ አይካድም። ግን አቆጣጠሩ ሳይስተካከል የሚጨመር ገንዘብ በሌላ በር ይወጣል።

በየቀኑ የምናልፋቸው ግቢዎች

ሰበታ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የሜታ ቢራ ፋብሪካ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ፣ ካልሆነም የጅማ መንገድ የመኪና መጨናነቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር የሸገር ከተማ አካል ሆናለች። ግን ሰበታ የምርምር ከተማም ናት። በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ነው። ቆሮሶን የመሳሰሉ ዓሦች በኩሬ እንዴት እንደሚረቡ፣ ሐይቆቻችን ምን ያህል ዓሣ እንደሚችሉ የሚጠና እዚያ ነው።

የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም የእኛ ጎረቤት ነው። የበሽታ ናሙና ከየክልሉ ተልኮ ይመረመርበታል። አያቶቻችን «ደስታ» ብለው የሚጠሩት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣው በሽታ፣ ኢትዮጵያ ከእሱ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያ ድል የተገኘው በክትባት ብቻ አይደለም፤ ናሙና ሰብስቦ፣ መርምሮ፣ መዝግቦ በሚያረጋግጥ አድካሚ ሥራ ጭምር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ ብዙ ጊዜም ለማዕረግ ዕድገት የሚሆን «ፐብሊኬሽን» አይወጣውም።

በእነዚህ ግቢዎች ከሚሠሩት ሌላ የአዲስ አበባን ኪራይ ሸሽተው ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ የገቡ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም አሉ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊታችሁ የቆመው ሰውዬ ዶክተር ሊሆን ይችላል። ስለ ተመራማሪ ድጋፍ ስናወራ እንግዲህ ስለ እነዚህ ሰዎች ነው የምናወራው።

ጸሐፊው የሚከፍልበት ገበያ

ነገሩ ወዲህ ነው። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ክፍያ ቢጠብቅ አይገርምም። በሳይንስ መጽሔት ወይም በጆርናል ዓለም ግን ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። ተመራማሪው በነፃ ይጽፋል። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ አሁንም በነፃ፣ ሥራውን ይገመግማሉ፤ ይህ የአቻ ግምገማ ይባላል። አሳታሚው አርሞ ያወጣዋል። ድሮ የሚከፍለው አንባቢው ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ነበር፤ ያልከፈለ አያነብም። በኋላ «ክፍት ተደራሽነት» የሚባለው አሠራር መጣና አንባቢው ነፃ ወጣ። ጥሩ ነገር ነው፤ እናንተም በስልካችሁ ጥናት ማንበብ የቻላችሁት በእሱ ነው። ሒሳቡ ግን አልጠፋም። በብዙ ጆርናሎች ዘንድ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

ምን ያህል ነው? ዝነኛው «ኔቸር» ለክፍት ኅትመት የሚያስከፍለውን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 9,500 ዩሮ አድርጎት ነበር። «ፕሎስ ዋን» የሚባለው፣ የእኛ ተመራማሪዎችም በብዛት የሚሞክሩት፣ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በአንድ ሳምንት ልዩነት ያው 2,000 ዶላር ከ114,000 ብር ወደ 200,000 ብር ሄደ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልቀነሰም። ለወጣት መምህር ይህ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው።

ግን ደግሞ ሙሉው እውነት ይኼ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች፣ ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑት ጆርናሎቻቸው ክፍያውን ይተዋሉ። ኢትዮጵያ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለች። «ስፕሪንገር ኔቸር» እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ወደ «ኔቸር»ና ተከታዮቹ ጆርናሎች እንደሚያሰፋ አስታውቋል። እንግዲህ ችግሩ ምንድነው ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ጥቃቅኑ ጽሑፍ ውስጥ ነው። አንዳንዱ አሳታሚ ሁሉም ጸሐፊዎች ከእነዚህ አገሮች ካልሆኑ አይፈቅድም። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ አንድ አማካሪ ስሙ ከገባ ዕድሉ ይጠባል። ሌላው ደግሞ ጥያቄው ጽሑፉ ሲላክ ካልቀረበ፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይሰማም።

አንዲት የማውቃት ወጣት ተመራማሪ አለች፤ ቡራዩ ነው የምትኖረው። ሁለት ዓመት የለፋችበት ጥናት ተገምግሞ ተቀባይነት ሲያገኝ ደስታዋን አብረን አከበርን። በሳምንቱ የክፍያ ደረሰኝ በኢሜይል መጣ። «ከክፍያ ነፃ አድርጉኝ» ብላ ጻፈች። መልሱ አጭር ነበር፦ ይህንን መጠየቅ የነበረብሽ ጽሑፉን ስትልኪ ነው። በምትሠራበት ተቋም ይህንን የነገራት አንድም ሰው አልነበረም፤ የነገራት አማካሪም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም የለም። ብሩን ብታገኝ እንኳ ዶላሩን በምን ትላከው? በመጨረሻ ውጭ አገር የሚኖር ወንድሟ ከፈለላት። ወንድም የሌላትስ?

ይህንን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ገንዘብ ስንት ነው? ምንም ማለት ይቻላል። በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ማዕከሉ አንድ ሰው መድቦ፣ ጽሑፍ ከመላኩ በፊት የጆርናሉን ማንነት፣ ክፍያውንና የነፃነት ደንቡን እንዲያጣራ ማድረግ ብቻ ነው።

በማንበብ በኩል ያለውም ያው ነው። «ሪሰርች ፎር ላይፍ» የሚባል የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የአሳታሚዎች ጥምረት አለ። የጤናው ክፍል «ሂናሪ» እ.ኤ.አ. በ2002፣ የግብርናው «አጎራ» በ2003 ነው የተጀመሩት። ለኢትዮጵያ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን በነፃ ይከፍታል። ግን ተቋሙ መመዝገብ አለበት፣ የይለፍ ቃሉም ለሚፈልገው ሰው መድረስ አለበት። የይለፍ ቃሉ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ተማሪው ጥናት ሲለምን የሚውልበትን ግቢ አይቻለሁ። ተቋሙን እዚህ መጥራት አያስፈልግም፤ ብቻውን አይደለምና።

«ውድ ፕሮፌሰር…»

በትክክለኛው በር መግባት ሲከብድ የጓሮ በር የሚከፍት አይጠፋም። ገና ማስተርስ የጨረሰ ልጅ አንድ ቀን ኢሜይሉን ሲከፍት «ውድ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን አይተን…» የሚል ደብዳቤ ያገኛል። በአንድ ሳምንት ገምግመን እናትማለን ይላል። ዋጋውም ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። እነዚህ አጭበርባሪ ጆርናሎች ናቸው። ግምገማ የላቸውም፣ ብሩን ተቀብለው ያወጡታል፤ አንዳንዴ ከዓመት በኋላ ድረ ገጻቸውም ይጠፋል።

ይህ ትንሽ ንግድ እንዳይመስላችሁ። መሠረቱ ሕንድ የሆነውን «ኦሚክስ» የተባለ አሳታሚ የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ከስሶት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት 50.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኖበታል። ከክሱ ነጥቦች መካከል ግምገማ ሳያደርግ አደርጋለሁ ማለቱና ክፍያውን ጽሑፉ እስኪገባ ድረስ መደበቁ ይገኙበታል።

ወደዚህ ገበያ የሚገባው ሁሉ ሞኝ ነው ብዬ አላስብም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማለፍ የታተሙ ጽሑፎች ብዛት ይታያል። ሦስተኛ ዲግሪ ለመጨረስም በየትምህርት ክፍሉ ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። አንድ መምህር ብዙ ክፍል እያስተማረ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ኬሚካል ጠፍቶ፣ «ቁጥር አምጣ» ከተባለ ቁጥር ያመጣል። ቁጥር የጠየቀ ተቋም ጥራት አጣሁ ብሎ ሊያዝን አይችልም።

የእንዶድ ትምህርት

«አገር ውስጥ የተሠራ አይታመንም» የሚለው ነገር ዛሬ የጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ እያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ ደግሞ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ከዚያች ምልከታ ተነስተው፣ በየጓሮው የሚበቅል ተክል በሽታውን ለመቆጣጠር ሊረዳ እንደሚችል አሳዩ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም የእሳቸው ሥራ ፍሬ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያሳዝነው። ግኝቱን ለማሳመን ዓመታት ፈጀ። የውጭ ተቋማት ጥናቱ በእነሱ ቤተ ሙከራና በእነሱ ደረጃ ተደግሞ ካልተረጋገጠ አንቀበልም አሉ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ፣ አክሊሉ ይህንኑ በአደባባይ ተናገሩት፦ የአፍሪካ ምርምር እንቅፋት የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ከዚህ አህጉር ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብሎ ማመን የሚከብዳቸው ሰዎች አድልዎም ጭምር ነው አሉ። ከአድዋው ወንዝ እስከዚያ መድረክ 25 ዓመት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በአሜሪካ ሐይቆች ቧንቧ በሚደፍን የቀንድ አውጣ ዘመድ ላይ ለመጠቀም ፓተንት አወጣ። ከፈልሳፊዎቹ ስም ዝርዝር የአክሊሉ ስም አለ፤ የፓተንቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው።

ይህንን ያነሳሁት የውጩን ለመራገም አይደለም። እንዶድ ላይ ጥብቅ የደኅንነት ምርመራ መደረጉ ተገቢ ነበር፤ ሰው የሚጠቀምበት ውኃ ውስጥ የሚገባ ነገር ነውና። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያንን ምርመራ እዚሁ አድርጎ የሚያሳምን ቤተ ሙከራ፣ ውጤቱን የሚያወጣና ዓለም የሚያምነው ጆርናል፣ ከምሁሩ ጎን ቆሞ የሚሟገት ጠንካራ ማኅበር ቢኖር ኖሮ 25 ዓመት ባልፈጀ ነበር። ዛሬ ያለ ወጣት ተመራማሪ እንዶድን ቢያገኝ ከአክሊሉ ዘመን የተሻለ ድጋፍ ያገኛል? መልሱን ለእናንተ ልተወው።

ዩኒቨርሲቲው ምን ይቁጠር?

በወረቀት ደረጃ ከሆነ ጥሩ ነገር አለን። የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በዩኒቨርሲቲው ማኅደርና በብሔራዊው ዲጂታል ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ ይላል። በአፍሪካ እንዲህ ያለ ፖሊሲ በአገር ደረጃ ካወጡት ቀዳሚዎች አንዷ ነን። ፖሊሲው ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥቅም አለው፦ ጽሑፉ በውድ ጆርናል ባይወጣም፣ የመጨረሻው ቅጂ በማኅደር ከተቀመጠ ማንም ሰው በስልኩ ሊያነበው ይችላል። ለዚህ ደግሞ 2,000 ዶላር አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ቀረ? አቆጣጠሩ ቀረ። ጽሑፉን ማኅደር ውስጥ ያስገባ መምህር ምን ያገኛል? ያላስገባስ ምን ይጎድልበታል? ለማዕረግ ዕድገት ሲወዳደር «በማኅደር ያልተቀመጠ ጽሑፍ አይቆጠርም» የሚል አንድ መስመር ቢገባ፣ በአንድ ዓመት ማኅደሮቹ ይሞሉ ነበር።

ሁለተኛው፣ የአገር ውስጥ ጆርናል አዘጋጅ የሆነ መምህር ነው። ይህ ሰው ጽሑፍ ይቀበላል፣ ገምጋሚ ይለምናል፣ ያርማል፣ ይከራከራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከማስተማሩ በተረፈው ሰዓት ነው። ይህ ሥራ እንደ አንድ ኮርስ ቢቆጠርለት ምን አለ? ገምጋሚውም እንዲሁ። ገምግሞ የማይቆጠርለት ሰው የሰውን ወረቀት ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጥ አይገርምም።

ሦስተኛው፣ ለሕዝብ የሚደርስ ማጠቃለያ ነው። እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት ከእንግሊዝኛው አብስትራክት ጋር ሁለት ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢኖረው፣ ሌላ ክልል ላይ ደግሞ በክልሉ ቋንቋ ቢኖረው፣ የሰበታ ወንዝ ጥናት ሰበታ ይደርሳል። የከተማው ውኃ ቢሮ ያነበዋል። እናንተም በቴሌግራም ትላላካላችሁ። የተመረቀው ልጅም ከመመዘኛው አንድ ነጥብ ያገኛል።

ማኅበራቱስ?

የሙያ ማኅበራት አሉን፣ ታሪክም አላቸው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ተመሥርቶ በዓመቱ ጆርናሉን ጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ጆርናል «ሲኔት» ከ1978 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ጆርናል ከ1987 ጀምሮ እየወጡ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ጆርናል ዓለም አቀፍ የሕክምና መረጃ ቋት ውስጥ ገብቷል። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም አለ። «አይቻልም» የሚል ካለ እነዚህን ማሳየት ነው። በደርግ ዘመን፣ በወረቀት እጥረት ጊዜ ጆርናል ያወጡ ሰዎች ነበሩን።

ተቃራኒውን ሐሳብም እሰማለሁ። «የአገር ውስጥ ጆርናል ትውውቅ ይበዛበታል፤ አንድ ጽሑፍ ለመውጣት ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ዓለም አያየውም» የሚሉ መምህራን አሉ። አብዛኛው ልክ ነው። ሁላችንም የምንተዋወቅበት ትንሽ ሙያ ውስጥ ስምን ደብቆ መገምገም ከባድ ነው። ግን ይህ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ያስተካከሉም አሉ።

ብራዚልን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1997 «ሳይኤሎ» የሚባል ሥራ ጀመሩ። የማኅበራትና የዩኒቨርሲቲ ጆርናሎችን በአንድ ድረ ገጽ ሰብስበው፣ መግቢያውን በጥራት መመዘኛ አጥረው፣ ወጪውን በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ ሸፈኑት። አንባቢው አይከፍልም፤ በብዙዎቹ ጆርናሎች ጸሐፊውም አይከፍልም። ፖርቱጋልኛና ስፓኒሽ ጽሑፎችም እኩል ቦታ አላቸው። በኋላ ወደ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ሰፋ፤ ደቡብ አፍሪካም በሳይንስ አካዳሚዋ በኩል የራሷን ከፈተች። በእኛ አህጉር ደግሞ መሠረቱ ደቡብ አፍሪካ የሆነው «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ፤ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ጆርናሎች የሚታዩት በእሱ ነው።

የእኛ ማኅበራት ከዚህ ምን ይውሰዱ? እያንዳንዱ ማኅበር ብቻውን ድረ ገጽ፣ አርታኢና ሰርቨር ከሚያስተዳድር ይልቅ አምስትና ስድስቱ ተባብረው አንድ የጋራ የኅትመት ቢሮ ቢኖራቸው ይሻላል። ከኬሚስትሪው ወረቀት ቢያንስ አንዱ ገምጋሚ ከአገር ውጭ ካለ ኢትዮጵያዊ ይምጣ፤ በየአሜሪካውና በየአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ «አገሬን በምን ልርዳ?» እያለ የሚጠይቅ ባለሙያ ሞልቷል። ገንዘብ ላኩ ከማለት አንድ ወረቀት ገምግሙ ማለት ይቀላል። ዓመታዊ ጉባኤውም ሁልጊዜ በአዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከሚሆን፣ ጥናቱ ወደተሠራበት ከተማ ይምጣ። ስለ ዓሣ ሲወራ ገበሬው፣ ስለ ወንዝ ሲወራ የወንዙ ሰው ይስማ፣ ይጠይቅ።

አሳታሚዎችና ስማችን

ለትልልቆቹ አሳታሚዎች የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከክፍያ ነፃ የማድረግ ደንባችሁ ልመና አይሁን። ጸሐፊው ኢትዮጵያ መሆኑን ሥርዓቱ ካወቀ ራሱ ዜሮ ይጻፍ፤ ሲልክም ሲቀበሉትም። አብሮት የሠራ አንድ የውጭ አማካሪ በመኖሩ አይቀጣ። ሁለተኛ፣ የማንችለውን ዋጋ አውጥቶ ምሕረት ማድረግ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ኢትዮጵያ ከዝቅተኛ ገቢ ምድብ አንድ ደረጃ ብትወጣ ምሕረቱ ይቀንሳል፤ የመምህሩ ደመወዝ ግን በዚያው ቀን አይጨምርም።

ሦስተኛ ልጨምር፣ ትንሽ የምትመስል ነገር። ስማችን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። የውጩ ሥርዓት ግን የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ የእኛን በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። በዚህ ምክንያት አበበ ተስፋዬ፣ አስቴር ተስፋዬና አለሙ ተስፋዬ በመረጃ ቋቱ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። አንዷ የለፋችበት ለሌላው ይቆጠራል። ለዚህ መድኃኒቱ «ኦርኪድ» የሚባል ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፣ ነፃ ነው፣ በስልክ በጥቂት ደቂቃ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጥናት ሲቀበሉ ይህንን ቁጥር ቢጠይቁ፣ ማንም ሳይከፍል ከፊሉ ችግር ይቀረፋል።

ለእናንተ

ከአንባቢዎቼ ብዙዎቻችሁ ተማሪ ወይም አዲስ ምሩቅ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሚኒስቴሩ ደንብ እስኪያወጣ መጠበቅ የለባችሁም። የመመረቂያ ጥናት እየሠራችሁ ከሆነ የኦርኪድ ቁጥራችሁን ዛሬ አውጡ። ጥናታችሁን ከመላካችሁ በፊት የጆርናሉን የክፍያና የነፃነት ገጽ አንብቡ፤ ጥያቄውን አብራችሁ ላኩ። «ውድ ፕሮፌሰር» የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ የአዘጋጆቹን ስም ፈልጋችሁ እውነት እዚያ እንደሚሠሩ አረጋግጡ። የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ስለ ሂናሪና አጎራ ጠይቁ፤ ካላወቀ አብራችሁ ፈልጉት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሁለት ገጽ በሚገባን ቋንቋ ጻፉና ለወረዳው ስጡ፤ ባይጠየቅም።

ተመራማሪ ላልሆናችሁት ያለኝ ሥራ ከዚህም ይቀላል። ስለ ሰፈራችሁ የተጻፈ አንድ ጥናት ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ያልገባችሁን ለጸሐፊው በኢሜይል ጠይቁት። ሥራውን ሰው እንዳነበበው ማወቅ ለአንድ ተመራማሪ ምን ያህል እንደሆነ አትገምቱትም። አንባቢ ያለው ጥናት በመሳቢያ አይቀመጥም፤ ዩኒቨርሲቲውም አንባቢውን እያየ መቁጠር ይጀምራል።

ሰበታ ውኃዋን የሚመረምርላት ሰው አላጣችም። ያጣችው ውጤቱን የሚነግራት ነው። መንገሩን እንደ ሥራ የሚቆጥር ተቋም ሲመጣ፣ ነጋሪውም ይመጣል።